ጎበዝ ነው፣ ግን አያጠናም፦ ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ፈትኖ የሚቀበል የግል ትምህርት ቤት እንዴት ይመረጣል?

ልጄ ታክሲ ውስጥ ሒሳብ የሚሠራው ከረዳቱ ቀድሞ ነው። ከሜክሲኮ ወደ አየር ጤና ስንሄድ የሦስት ሰው ጦር ኃይሎች፣ የሁለት ሰው አየር ጤና ብሎ ይደምርና መልሱን ይነግረኛል። ያን ሰሞን የሒሳብ ሚድ ውጤቱ 58 ነበር። ያኔ 5ኛ ክፍል ነበር። "ጭንቅላቱ ፈጣን ነው፣ ግን ግድ የለውም" አለችኝ የክፍሉ ኃላፊ መምህርት።

ይህን የሰማ ወላጅ ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ አንድ ነው፤ ጠንከር ያለ ትምህርት ቤት ልውሰደው ይላል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ስሙ የሚጠራ፣ ፈትኖ የሚቀበል ትምህርት ቤት አስገባሁት። በዓመቱ 58ቱ 49 ሆነ። ልጁም ጠዋት ጠዋት "ማሚ፣ ሆዴን ያመኛል" ማለት ጀመረ። ለሁለተኛ ጊዜ ስፈልግ ሦስት ወር ወሰደብኝ። በእግሬ ዞርኩ፣ ጠየቅሁ፣ ደብተር አገላበጥኩ። የምጽፍላችሁ ያኔ የተማርኩትን ነው። የማውቀው የአዲስ አበባን ስለሆነ ምሳሌዎቼ ከዚያው ናቸው።

1. ከትምህርት ቤቱ በፊት ልጁ ለምን እንደማያጠና ለዩ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። እኔ ዘልዬው ነው አንድ ዓመት ያቃጠልኩት።

"ግድ የለውም" የሚባሉ ልጆች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ እውነትም ሰልችቶት ነው። መምህሩ በ40 ደቂቃ የሚያስረዳው በ10 ደቂቃ ገብቶታል፤ የቀረውን ሰዓት በመስኮት ያያል። ይህ ልጅ ከትምህርት ውጭ ከባድ ነገር ሲያገኝ ለሰዓታት ይቀመጣል። የተበላሸ ሬዲዮ ይፈታል፣ ቼዝ ይጫወታል፣ ያገኘውን ያነባል። ለሱ ፈጠን ያለ ትምህርት ቤት በእርግጥ ሊጠቅም ይችላል።

ሌላው መሠረቱ ላይ ክፍተት አለበት። ፈጣን ልጅ እስከ 4ኛ ክፍል ድረስ ክፍል ውስጥ በሰማው ብቻ ይሻገራል። ቁጭ ብሎ ማጥናት የሚባለውን ነገር አልለመደም፤ አስፈልጎት አያውቅም። ትምህርቱ ሲጠነክር ይደናገራል፣ ግን "አልገባኝም" ማለት አልለመደም። "ይሄ ቀላል ነው" ብሎ ይሸሻል። ይህን ልጅ ይበልጥ ፈጣን ወደሆነ ክፍል መውሰድ ክፍተቱን ማስፋት ነው።

ሦስተኛው ይፈራል። ከልጅነቱ ጀምሮ "ጎበዝ" ስሙ ሆኗል። አጥንቶ ከወደቀ ጎበዝ አይደለም ማለት ነው፤ ሳያጠና ከወደቀ ግን "ስላላጠናሁ ነው" ይላል። በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። "ብልህ ነህ" ተብለው የተመሰገኑ ልጆች ጥረታቸው ከተመሰገነላቸው ይልቅ ቀላሉን ሥራ መረጡ፤ አንዴ ሲሳሳቱም ቶሎ ተስፋ ቆረጡ። ጥናቱን ሳነብ ቤታችን ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ "አንተኮ ጎበዝ ነህ" እንደምንል ቆጠርኩ። ብዙ ነው።

ከዚህ ሌላ ዓይንና ጆሮውን አስመርምሩ። ሰሌዳ የማይታየው ልጅ "አይታየኝም" አይልም፤ ለሌላው ሰው የሚታየው ምን እንደሆነ በምን ያውቃል? ማንበብ ከዕድሜው በላይ ካስቸገረው፣ ፊደል ካደባለቀ፣ ወይም አንድ ነገር ላይ አምስት ደቂቃ መቆየት ካልቻለ ደግሞ የሕፃናት ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ይየው። ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር ካለም፣ ጠብ ቢሆን፣ ሐዘን ቢሆን፣ አዲስ ስልክ ቢሆን፣ ለራሳችሁ ሳትደብቁ ጻፉት።

አሁን አንድ ሥራ ልስጣችሁ። የዘንድሮውንና የአምናውን ደብተሮች አውጡና አልጋ ላይ ዘርጓቸው። እኔ የልጄን የ5ኛ ክፍል የሒሳብ ደብተር ከካርቶን ውስጥ አገኘሁት። መስከረም ላይ ጽሑፉ ያምራል፤ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ቀኑ በቀይ። ጥቅምትም ደህና ነው። ኅዳር አጋማሽ ላይ "ፍራክሽን" የሚል ርዕስ አለ። ከሥሩ ሦስት መስመር ተጽፏል። ከዚያ ባዶ ነው። ቀጣዩ ገጽ ቀንና ርዕስ ብቻ፤ ከዚያ በኋላ ያለውም እንደዚያው። ልጄን ጠርቼ "አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ሲደመሩ ስንት ነው?" አልኩት። "ሁለት ሰባተኛ" አለኝ፣ ሳያመነታ። የታክሲ ሒሳብ በአፉ የሚሠራው ልጅ ማለት ነው። የዚያን ሳምንት ታሞ ቀርቶ እንደነበር ያስታወስኩት በኋላ ነው። ስንፍና ስንለው የከረምነው እዚያ ገጽ ላይ የቀረ የአንድ ሳምንት ትምህርት ነበር።

የእጅ ጽሑፉ የተለወጠበትን ገጽ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው እዚያ ነው።

2. ልጁን ጠይቁት፣ ግን "ለምን አታጠናም?" አትበሉት

ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ ቢኖረውም አይነግራችሁም። ፊት ለፊት አስቀምጣችሁም አትጠይቁት። መንገድ ላይ ወይም ሽንኩርት ስትልጡ ይሻላል። እኔ የጠየቅሁት "ዛሬ ሰዓቱ ቶሎ የሄደልህ የትኛው ፔሬድ ነው?" ብዬ ነው። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ጠየቅሁት። አብዛኛውን ቀን "የለም" ይለኛል። ሁለት ቀን ግን "ሳይንስ፤ ቲቸር ባትሪና አምፖል ይዞ ሲመጣ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት እንደምፈልግ አወቅሁ።

ልጁ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ትምህርት ቤቶች ራሱ እንደሚያይና ቃሉ እንደሚቆጠር ንገሩት። ከነገራችሁት ደግሞ ቃላችሁን ጠብቁ።

3. ዝርዝር አውጡ፣ አገባቡንም እወቁ

ፈትነው የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ በአንድ መንገድ አይቀበሉም። ስማቸው የገነነው ብዙዎቹ ዋናውን ቅበላ የሚያደርጉት ኬጂ ላይ ነው፤ ዕጣ አለ፣ ወንድም ወይም እህት ያለው ይቀድማል። በመካከለኛ ክፍል የሚፈትኑት ለቀው በሄዱ ልጆች ቦታ ነው። ስለዚህ "ትፈትናላችሁ ወይ?" ብቻ ሳይሆን "በዚህ ክፍል ስንት ክፍት ቦታ አላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሦስት ቦታ ላለው ክፍል መቶ ልጅ የሚፈተን ከሆነ የልጃችሁ መውደቅ ስለ ችሎታው ብዙ አይናገርም፤ ይህንን እሱም ቀድሞ ይወቀው።

ሥርዓተ ትምህርቱንም ለዩ። ሊሴ ገብረማርያም የሚያስተምረው በፈረንሳይ ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ ፈረንሳይኛ የማይችል ልጅ መሀል ላይ ልግባ ቢል ይከብደዋል። ሳንፎርድ የውጭ ፈተናዎችን ይሰጣል። የካቶሊክ ወንድሞች የመሠረቱት ቅዱስ ዮሴፍ ደግሞ የአገራችንን ሥርዓት ተከትሎ ለማትሪክ ያዘጋጃል። ጥያቄው "ልጄ 12ኛን የሚጨርሰው የት ነው፣ ከዚያስ ወዴት ይሄዳል?" የሚለው ነው። የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ካሰባችሁ ብሔራዊ ፈተናውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ በግልጽ ጠይቁ።

መግቢያ ክፍሉንም አስቡበት። በአሁኑ አደረጃጀት 7ኛ የመካከለኛ ደረጃ መጀመሪያ፣ 9ኛ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ መጀመሪያ ነው። በእነዚህ ሁለቱ የሚገባ ልጅ ብቻውን አዲስ አይሆንም። ሚኒስትሪ በሚወሰድባቸው በ6ኛና በ8ኛ ክፍል ባትቀይሩ ይመረጣል። እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ በ6ኛ ቀይሬ ልጁን ሁለት ሸክም አሸከምኩት።

ርቀት ደግሞ አለ። የሰርቪሱን መነሻ ሰዓት ጠይቁና ወደ ኋላ ቁጠሩ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ያለው ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ፣ ማታ 12 ሰዓት ቤት ገብቶ፣ ከዚያ ሆምወርክ የሚጀምር ልጅ መቼ ይተኛል? ከዝርዝሬ ላይ አራቱን የሰረዝኩት በዚህ ብቻ ነው።

4. ሂዱና እዩ

የምዝገባ ቀን አትሂዱ። የዘወትር የትምህርት ቀን፣ በተለይ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ሂዱ። አስቀድማችሁ ደውላችሁ ዩኒት ሊደሩን ወይም ምክትል ርዕሰ መምህሩን ለማነጋገር ቀጠሮ ያዙ።

መጀመሪያ ከግቢው ውጭ ቁሙ። ተማሪ ሲለቀቅ ፊታቸውን እዩ። አጠገቡ ያለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ግቡና እስክሪብቶ ግዙ፤ ባለሱቁ ከማንም በላይ ያውቃል። የጥበቃ ሠራተኛውን ሰላም በሉ። እኔ አንድ ቦታ በር ላይ ያሉትን አባት "አባባ፣ እዚህ ልጆቹ እንዴት ናቸው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "የኔ ልጅ፣ ያረፈደው ልጅ እዚህ አጠገቤ ነው የሚቆመው። የሚያለቅስም አለ። ሁለት ፔሬድ ያልፋል" አሉኝ። ውስጥ ገብቼ ርዕሰ መምህሩን ስለማርፈድ ጠየቅሁ፤ "ወዲያው ክፍል ይገባሉ" አሉ። ያንን ትምህርት ቤት ተውኩት።

ውስጥ ስትገቡ ቤተ ሙከራውንና ላይብረሪውን እዩ። ዕቃው መኖሩ አይበቃም። ጠረጴዛው ላይ አቧራ አለ? መጽሐፎቹ የተገለጡ ይመስላሉ? ለመጨረሻ ጊዜ 7ኛ ክፍሎች እዚህ የገቡት መቼ ነው? ከዚያ የማንኛውም ተማሪ የሆነ የተሞላ ደብተር አሳዩኝ በሉ። እዚያ ላይ የምትፈልጉት እርማትን ነው። ገጹ ሁሉ "ራይት" ብቻ ከሆነ መምህሩ አላነበበውም። "ይህን ደረጃ ዘለልክ፤ እንደገና ሞክር" የሚል ካለ፣ ከሥሩም ልጁ እንደገና ሞክሮ ከሆነ፣ ትልቅ ነገር አይታችኋል። እኔ በሁለተኛው ጊዜ ልጄን ያስገባሁበትን ትምህርት ቤት የመረጥኩት በአንዲት ልጅ የሳይንስ ደብተር ነው። መምህሩ በእርሳስ "ለምን?" ብሎ ጽፎ ነበር። ልጅቷ ከጎኑ አምስት መስመር መልሳለታለች።

ለምታነጋግሩት ኃላፊ እነዚህን ጥያቄዎች አቅርቡ።

"95 ማምጣት የሚችል ልጅ 65 እያመጣ ቢቀጥል ምን ታደርጋላችሁ?" ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። "ወላጅ እንጠራለን" መልስ አይደለም፤ ወላጅ ከተጠራ በኋላ ምን እንደሚደረግ ጠይቁ። "ቱቶሪያል አለን" ካሉ ማን እንደሚያስተምረው፣ በስንት ልጅ እንደሆነ ይንገሯችሁ። አንድ ኃላፊ "ያለፈውን ሴሚስተር ፈተና ይዘን ከልጁ ጋር እንቀመጥና የትኛው ጥያቄ ላይ እንደሚቆም እናያለን" አሉኝ። ያኔ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ።

"ከማለፊያ በታች ያመጣ ልጅ ይባረራል ወይ?" አንዳንዱ ትምህርት ቤት የተወሰነ አማካይ ያላመጣውን በዓመቱ መጨረሻ ያሰናብታል። ሕጉን በጽሑፍ ጠይቁ።

"ደረጃ ታወጣላችሁ?" ካርድ ላይ 1ኛ፣ 2ኛ የሚጻፍ ከሆነ ልጃችሁ 34ኛ ሲወጣ ምን እንደሚሰማው አስቡ። ኸርበርት ማርሽ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን አጥንተዋል። ችሎታቸው እኩል ከሆኑ ልጆች መካከል በጣም ጎበዝ ልጆች የተሰበሰቡበት ትምህርት ቤት የገባው ለራሱ የሚሰጠው ግምት ዝቅ ይላል። ሰልችቶት ለነበረው ልጅ ውድድሩ ሊያነቃው ይችላል። ለሚፈራው ግን ፍርሃቱን እውነት ያደርግበታል።

"ሆምወርክ በቀን ስንት ሰዓት ይወስዳል?" ይህን ከኃላፊው ይልቅ እዚያ የሚማር ልጅ ያለውን ወላጅ ጠይቁ።

ስለ ደረጃም አንድ ነገር። ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል። ደረጃ 3 መስፈርቱን ያሟላ ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚቆጣጠረው የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው። ስንተኛ ደረጃ እንደሆኑ ጠይቁ፤ ፈቃዱም ለልጃችሁ ክፍል መሆኑን አረጋግጡ።

5. በሩ ላይ የተሰቀለውን ባነር በጥንቃቄ አንብቡ

"የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን መቶ በመቶ አሳለፍን" የሚል ባነር ልብ ይሰርቃል። አይገርምም። በ2014 ዓ.ም የትምህርት ዘመን ብሔራዊ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ በአገር ደረጃ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በዓመቱ 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁሉንም ያሳለፈ ትምህርት ቤት ተስፋ ይሰጣል።

ግን ሁለት ቁጥር ጠይቁ። 9ኛ ክፍል ስንት ልጅ ገባ? 12ኛ ላይ ከነዚያው ስንቱ ተፈተነ? 80 ገብቶ 45 ከተፈተነ 35ቱ የት ሄዱ? ልጃችሁ ከ35ቱ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ አሁን የማያጠና ከሆነ።

ሌላም አለ። ጎበዞችን መርጦ የወሰደ ትምህርት ቤት ጎበዝ ውጤት ቢያወጣ ምን ያህሉ የትምህርት ቤቱ፣ ምን ያህሉ የልጆቹ ነው? ቦስተንና ኒውዮርክ ውስጥ ፈትነው የሚቀበሉ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ የተሠራ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። የመግቢያ ፈተናውን ለጥቂት ያለፉትን ለጥቂት ከወደቁት ጋር አስተያየ። በኋላ ባመጡት የፈተና ውጤት ልጆቹ ብዙም አልተለያዩም። የኛ ከተማ ሌላ ነው፤ የትምህርት ቤቶቹ ልዩነትም ሰፊ ነው። ቢሆንም ስሙ ብቻውን ልጁን ይለውጠዋል ብዬ ከእንግዲህ አላምንም።

6. ገንዘቡን ሙሉውን ደምሩ

ወርሃዊው ክፍያ መጀመሪያው ነው። መመዝገቢያ፣ ሰርቪስ፣ ዩኒፎርም፣ መጽሐፍ፣ ምሳ፣ ቱቶሪያል አለ። ያለፉት ሦስት ዓመታት ጭማሪ ስንት እንደነበርና ከወላጆች ጋር እንዴት እንደተወያዩበት ጠይቁ። ከዚያ እስከ 12ኛ ድረስ የሚቀሩትን ዓመታት አስሉ። ካቅም በላይ ከሆነ ተዉት። ልጁ ፊት "ይህን ሁሉ ብር እየከፈልኩልህ" የምትሉበት ትምህርት ቤት ለልጁ አይጠቅመውም። እኔ ብዬዋለሁ፤ የዚያን ቀን ፊቱን እስካሁን አልረሳሁትም።

7. የመግቢያ ፈተናው

ሁለት ወር አስጠኚ ቀጥራችሁ አታፋጁት። በሽምደዳ የገባ ልጅ መስከረም ላይ ያው ፍጥነት ይጠብቀዋል። ከዚያ ይልቅ በተራ ቁጥር 1 ላይ ደብተሩን አገላብጣችሁ ያገኛችሁትን ክፍተት ሙሉ። እኛ ለስድስት ሳምንት፣ በቀን 25 ደቂቃ፣ ፍራክሽን ብቻ ሠራን። እንጀራ ቆርጠን ጀመርን፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ። ሳቀብኝ፤ ግን ገባው።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ላይ በ25 ደቂቃ ወጥቶ ነበር። "ጨረስኩ" አለኝ። ቤት ስንገባ "ጀርባውንም ሠራህ?" አልኩት። "አየሁት፤ ደከመኝ" አለ። ያለፈው ፊት ለፊት ባለው ብቻ ነው። ያኔ ደስ አለኝ፤ ዛሬ ሳስበው ፈተናው ምን እንደሚጎድለው ነግሮኝ ነበር። ልጃችሁ ሲወጣ ምን እንደከበደው ጠይቁት። ውጤቱ ሲመጣም ቢያልፍ ባያልፍ የፈተና ወረቀቱን ማየት ይቻል እንደሆነ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ። የሚያሳያችሁ ካገኛችሁ ስለ ትምህርት ቤቱ ራሱ ብዙ ታውቃላችሁ።

8. ወረቀቱ

የልደት ሰርተፊኬት፣ የቀደሙ ዓመታት ካርድ፣ ጉርድ ፎቶ አዘጋጁ። አዲሱ ትምህርት ቤት ቦታ መኖሩን በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ከድሮው መልቀቂያ አታውጡ። ሁለቱንም አጥተው ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተንከራተቱ ወላጆች አውቃለሁ።

9. ሁሉም ተጠይቆ ባይስማማስ?

ልጁ አሁን ባለበት ትምህርት ቤት የሚወደው አንድ መምህር ካለ፣ ክፍተቱም አንድ ወይም ሁለት ትምህርት ላይ ብቻ ከሆነ፣ ይቆይ። ለአንድ ዓመት የምትከፍሉትን ልዩነት ጥሩ አስጠኚ ላይ አውሉት፤ ዓመቱን ሙሉ ተጨንቃችሁ ከምትዞሩ ይሻላል። ፈትነው የሚቀበሉ የመንግሥት አማራጮችም ስላሉ ዝርዝራችሁን በግል ብቻ አትዝጉት።

10. የመጀመሪያው ሴሚስተር

ከገባ በኋላ ለአንድ ሴሚስተር ስለ ውጤት ላለማውራት ከልጁ ጋር ተስማሙ። ማየት ያለባችሁ ሌላ ነው። ጠዋት እንዴት ይነሳል? የጓደኛ ስም ይጠራል? ስለ አንድ መምህር ሳትጠይቁት ያወራል? በጥቅምት መጨረሻ ላይ የክፍሉን ኃላፊ አግኙና "ፈጣን ነው፣ ግን እዚህ ጋ ይቆማል" ብላችሁ ያያችሁትን ንገሩ። መምህሩ ራሱ እስኪደርስበት ኅዳር ያልፋል።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ደግሞ ደብተሮቹን አውጡ። የኛ የዘንድሮው የሒሳብ ደብተር እስካሁን ቀኑ በቀይ ነው። አንድ ገጽ ላይ መምህሩ "እንደገና" ብሎ ጽፏል። ልጄ ሁለት ጊዜ ሰርዞ በሦስተኛው አግኝቶታል። ካርዱ የሚመጣው ጥር ላይ ነው።